ለሰርጉ የምትደርስ መኪና

ኅዳር 20 ቀን 1964

ዛሬ ሁለት የስፌት መኪና ጠገንኩ። አንዷ የእውነት ተበላሽታ ነበር፤ ሌላዋ ክሯ ተጣሞ ገብቶባት ብቻ። ለሁለተኛዋ ባለቤት "ከባድ ቀዶ ጥገና ነው ያደረግኩላት፣ ሦስት ቀን ወፍራም ጨርቅ እንዳያበሏት" አልኳቸው። አመኑኝ መሰለኝ...

ቤት ስገባ ሃጂራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ግቢው መሃል ጣሪያዋ የተጨፈለቀ አሮጌ ሰይቼንቶ መኪና ተቀምጣለች። ጠዋት በጋሪ ያስመጣኋት እኔ ነኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እንግዳ ናት እትዬ። ውሃ ስጪያት።"

"ጀይሉ!"

ታላቅ እህቴ ስሜን እንዲህ ከጠራች መሸሽ ይሻላል። ክፍሌ ገባሁ። ራት ግን ላከችልኝ።

ኅዳር 27

ነገሩን ያመጣው ስኳር የተጠቀለለበት የጣልያን መጽሔት ገጽ ነው። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያ የሌላት የውድድር መኪና። ጣልያንኛ አላነብም። ስዕል ግን አነባለሁ። የስፌት መኪናም ራዲዮም የተማርኩት እንዲሁ ነው... ፈትቼ፣ ደንግጬ፣ መልሼ በመግጠም።

ገመቹ ሊያግዘኝ ተስማማ። ጎረቤታችን ነው፤ አልጋና በር ይሠራል። ቁመቱ የስልክ እንጨት ያክላል። ሞተሩና ጎማው ከሰይቼንቶዋ፣ የእንጨት አጥንቱ ከገመቹ፣ ከበርሜል የተዘረጋው ላሜራ ከኔ።

ግቢያችን ጠባብ ናት። መውጫውማ ይብሳል፤ በኛ ግድግዳና በጎረቤት የድንጋይ ቤት መሃል ያለች ቀጭን መተላለፊያ። በክንዴ ለካኋት፤ አራት ክንድ ልትሞላ ትንሽ ቀራት። ለገመቹ "ስፋቷን ሦስት ክንድ ተኩል አድርጋት" አልኩት።

ሞኝ አይደለሁም።

ጥር 8

ሽማግሌዎች መጡ። ሰብሪያን ሊጠይቁ።

የሃጂራ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት አራት ዓመቷ ነበር። የወተት ጥርሷን በክር የነቀልኩት እኔ፣ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት እኔ፣ ስድብ ያስተማርኳትም እኔ... አሁን ሃያ ሞላት። ሰውየው ሀያቱ ይባላል፤ ወልቂጤ ሱቅ አለው። ሰርጉ ሚያዝያ 22።

"ጋሼ፣ አየኸው?" አለችኝ።

"አየሁት። ጆሮው ትልቅ ነው። ጥሩ ነው፤ ስትጮሂበት ይሰማል።"

"ጋሼ!" ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ሄጄ ፍሬኑን ፈታሁ። ፍሬኑ ምንም አልነበረውም።

የካቲት 2

ኒካው ሲታሰር የሚድሯት ሐጂ ጀማል ናቸው። የአባቷ ወንድም፤ ከቡታጅራ ይመጣሉ። ደንቡ ነው፤ የእናት ወንድም አይድርም። ሐጂ ጀማል ደግ ሰው ናቸው። በየበዓሉ ማር ይልካሉ። ግን የሰብሪያን የጫማ ቁጥር ያውቃሉ? ስታኮርፍ ምን እንደሚያስቃት ያውቃሉ?

ተወው። ደንብ ነው።

የኔ ቦታ ታዲያ የት ነው? ዳስ ውስጥ የእጅ ውሃ ላስታጥብ?... ዛሬ ላሜራ ስቀጠቅጥ መጣልኝ። መሪው! ለሹፌር ማን ደንብ አወጣለት? ከእናቷ በር ተቀብዬ፣ ጎኔ አስቀምጬ፣ እስከ ማዞሪያው እወስዳታለሁ። ከዚያ ለሙሽራው መኪና አስረክባለሁ። አጭር መንገድ ናት። ለኔ ይበቃኛል።

ለማንም አልተናገርኩም። ለዚህ ደብተር ብቻ።

መጋቢት 11

ሞተሩ ተነሳ!! ዶሮዎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ።

ቀይ ቀለም ቀብተናታል። ሃጂራ ዙሪያዋን ዞረች፤ "አራት ወር ሙሉ ባኞ ነው የምትሠሩት?" አለች። ከሰይቼንቶዋ መምጣት ወዲህ ልብስ የምታሰጣው እሷ ላይ ነው። ባኞ ከሆነች እርጥብ ቀሚስ ምን ያንሳታል?

ሰብሪያ ገብታ ተቀመጠች። መሪውን ያዘች። "ፒፕ ፒፕ። ዞር በል የስልክ እንጨት" አለችው ገመቹን። የማን ተማሪ ናት!

ሚያዝያ 9

ያ አላህ።

ዳስ ጣዮች ሰኞ ስለሚመጡ ግቢውን ልንለቅ መኪናዋን ገፋናት። መተላለፊያው አፍ ላይ ስትደርስ ጓ አለች። ወደ ኋላ፣ እንደገና... ጓ። የቀኙ ፓራፋንጎ፣ የጎማው ሽፋን፣ የኛን ግድግዳ፣ የግራው የጎረቤትን ድንጋይ ነካ።

"ገመቹ፣ ስንት ክንድ ነበር ያልኩህ?"

"ሦስት ተኩል።"

"ታዲያስ?"

"ሦስት ተኩል ነዋ!"

ክንዱን ዘረጋ። የኔን ዘረጋሁ። ክርን ለክርን ገጠምን። የኔ ጣት ያለቀበት የሱ ጣት ገና መጀመሩ ነው።

"ውይ!" አለ።

እሱ በሱ ክንድ፣ እኔ በኔ። እኔ በሩን ለካሁ፣ እሱ መኪናዋን። አንድም ቀን ክንዳችንን አላስተያየንም። ማን ያስባል?

ልሳቅበት ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ሚያዝያ 10

ጎረቤት ግድግዳውን አያፈርስም፤ ማን ያፈርሳል? ጎኖቿን ብቻ እንዳንቆርጥ ላሜራው ከአጥንቱ ጋር ተያይዟል። እንደገና ለመሥራት ሁለት ወር። ያለን አስራ ሁለት ቀን።

ሃጂራ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ዳሱ ካልተተከለ ሐጂ ጀማል ቡታጅራ እንደግሰው ብለዋል" አለች። ከዚያ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችው። "ይሄን ቤት አባቷ ነው የሠራው። ከዚህ ብትወጣልኝ ነበር የምወደው።"

ጠዋት ቁልፎቼን በዘይት አሻቸዋለሁ... መፍቻዎቹን።

ሚያዝያ 12

ፈታናት።

መጀመሪያ ፓራፋንጎዎቹ። ከዚያ ጎኖቿ፣ ወንበሮቹ፣ መሪው። መሪውን ብቻዬን ፈታሁት። ገመቹ ፊቱን አዙሮ ምስማር ያቃና ነበር፤ የሚቃና ምስማር አልነበረም።

ሰብሪያ ከገበያ ገባች።

"ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"እያጠብኳት ነው። ከውስጥ።"

አልሳቀችም። ዘንቢሏን አስቀምጣ ቁጭ አለችና ቡሎኖቹን ትለቅም ጀመር።

"ልትነዳኝ ነበር፣ አይደል?"

"ማን ነገረሽ?"

"መቀመጫው በኔ ልክ ነው። ስንቴ 'እስቲ ተቀመጪ' አልከኝ?"

"በይ ቡሎኖቹን አትደባልቂብኝ" አልኳት። እስክንጨርስ ድረስ ሁለታችንም አንገታችንን አላነሳንም።

አልጋዬ ሥር ሞተር አለ። በር ላይ ጎማ። ግቢው ባዶ ሆነ። ዳስ ያስገባል።

ሚያዝያ 23

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልሞክር።

ዳሱ ሞላ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ እንግዳ ሳስቀምጥ ነበር፤ ለአንድ ወፍራም እንግዳ ሰባራውን ወንበር አልሰጠሁትም፣ በጣም ፈተነኝ እንጂ። ሐጂ ጀማልና ሁለት ምስክሮች ፈቃዷን ሊጠይቁ ወደ ውስጥ ገቡ። ቆዩ... በጣም ቆዩ። ሀያቱ ጆሮው ቀላ።

ሐጂ ጀማል በር ላይ ብቅ አሉ። "ጀይሉ፣ ና።"

እምቢ አለች? የትኛው ያስተማርኳት ስድብ አመለጣት?

ሰብሪያ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ተቀምጣለች። ሃጂራ አጠገቧ። ሐጂ ጀማል ተነፈሱ።

"ሦስቴ ጠየቅኳት። 'እርስዎን አክብሬ ነው፤ ግን ጋሼ ይጠይቀኝ፣ እሺ የምለው ለሱ ነው' አለችኝ።"

አንደኛው ምስክር "እንዲህ ያለ ነገር..." ብሎ ጀመረ። ሐጂ በእጃቸው አስቆሙት።

"ሥልጣኑ የኔ ነው። ሰው መወከል ደግሞ ይፈቀድልኛል። ወንድሜ ሞቶ አሳዳጊዋ ማን እንደነበር አላውቅም እንዴ? ጀይሉ፣ ወክዬሃለሁ። አንተ ዳራት።"

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አፌ ሥራ ፈቶ አያውቅም፤ ትናንት ፈታ።

"ሰብሪያ... ለሀያቱ ልዳርሽ?"

ነጠላዋን የበለጠ ወደ ታች ሳበች።

"ጆሮውን እያሰብሽበት ነው?"

ነጠላው ተንቀጠቀጠ። ትሳቅ ታልቅስ አልታወቀኝም። "እሺ ጋሼ" አለች።

ዳሱ ውስጥ ከሀያቱ ፊት ተቀመጥኩ። ቀኝ እጄን ያዘ። ዘይቱ ከጥፍሬ አልወጣም ነበር፤ የሱ እጅ ንጹሕ። ሼኹ ቃሉን አስባሉኝ፣ ደገምኩ። "አልተሰማም፣ ድምፅ" አሉ ከኋላ። እንደገና አልኩት። "ልጃችንን ሰብሪያን ድሬልሃለሁ።" ሦስተኛው ላይ ተሰማ።

በተከራዩት ጥቁር መኪና ሄደች። አልነዳኋትም። መተላለፊያው አፍ ላይ ቆሜ ጠፍታ እስክታልቅ አየሁ። ሐጂ ጀማል ትከሻዬን ይዘው ነበር።

ሐምሌ 6

ዝናብ። ሃጂራ ለሁለት ሰው የሚበቃ ምሳ መሥራት አልለመደችም፤ አሁንም ለሦስት ትሠራለች። ሦስተኛውን ገመቹ ይበላል። መኪናዋን እንደ አዲስ ጀመርን። በአንድ ክንድ ብቻ፣ በኔ። ገመቹ ገብቶ ሲሞክራት ጉልበቱ አገጩን ነካ።

"ይሄ ፍትሕ ነው?" አለ።

ኅዳር 4 ቀን 1965

ታርጋ አገኘች። ጸሐፊው ቅጹን ይዞ "የመኪናው ዓይነት?" ሲለኝ "የቤት ልጅ" አልኩት። ሳይስቅ ጻፈው።

ትናንት ጎህ ሲቀድ መተላለፊያውን ግራና ቀኝ አራት አራት ጣት ተርፏት አለፈች። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ሃጂራ፤ ሻሿን ጠብቃ አስራ፣ ለሰብሪያ ያዘጋጀችውን ድርቆሽ እንጀራ ተሸክማ።

"እትዬ፣ ባኞ ውስጥ ልትገቢ?"

"ዝም ብለህ ንዳ።"

እስከ ወልቂጤ ሁለቴ ፈላች። ሃጂራ ሁለቴም ወርዳ ውሃ ቀዳች፣ አንዴም አልወቀሰችኝም። ሰብሪያ ከበር ስትወጣ መኪናዋን ገልመጥ አደረገችና ወደኔ መጣች። "ከሳህ" አለችኝ። ወፍራ ነበር፤ እንዳልነግራት አጥብቃ ያዘችኝ።

የሰፈሩ ሰው ቀይዋን ሊያይ ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ሀያቱን "እኚህ ሹፌር ማን ናቸው?" አሉት።

"ሹፌር አይደሉም" አለ። "አማቴ ናቸው። ሰብሪያን የዳሩኝ።"

አፌ ላይ ሁለት ጥሩ ቀልድ መጥቶልኝ ነበር። ዋጥኳቸው። ለሽማግሌው እጅ ነሳሁና "እንደምን ዋሉ" አልኩ።