ከእንግዲህ ቴምር አትላክ

ለውድ ወንድሜ ሸውቂ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ነህ? ኢብቲሳምስ እንዴት ነች? የማጂድ ሳል ለቀቀው? መዲና ከወዲሁ ሞቀ ሲሉ ሰምቼ አሳስባችሁኛል። እኛ አልሐምዱሊላህ ቆመን እንሄዳለን። አባባ ግን ማክሰኞ ዕለት ለጥቂት ተረፉልን።

ለቀትር ሶላት ሊታጠቡ ሲያጎነብሱ እግራቸው ከዳቸው። ተሸክመን ኩላሊት እጥበቱ ጋ አደረስናቸው። ዶክተር ሂንድ ደማቸውን አይታ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ፖታሲየም በጣም ጨምሯል፣ ልባቸው ሊቆም ነበር ብላ ያለ ተራቸው ማሽኑ ላይ አስተኛቻቸው። ምን እንደበሉ ስትጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ፖታሲየም የሚባል ነገር ቤቴ ገብቶ አያውቅም» አሉ። ሙዝስ ብትላቸው፣ «ወረቀታችሁ ከከለከለኝ ወዲህ ሙዝ በአፌ አልዞረም» ብለው ማሉ። ነርሶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የተከለከሉት ምግቦች የተጻፉበትን ያን የሐኪም ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ቤት ስመለስ አልጋቸው አጠገብ ሰሃን ላይ ሰባት የቴምር ዘር ነበር፤ በየማለዳው አንስቼ የምደፋው። የአንተ ቴምር ነው። ሐኪሞቹ ሁለት ዓመት ሙሉ «ኩላሊትዎ መርዙን አላጣራ አለ» ይሏቸዋል። ጠዋት ሰባት የመዲና ቴምር የበላን ሰው መርዝ አይጎዳውም እያሉ ያሳደጉን እሳቸው አይደሉ? ለመርዙ መድኃኒት መስሏቸው ይበላሉ።

ዘሮቹን በመሐረብ ቋጥሬ ለዶክተሯ ወሰድኩላት። ራሷን ይዛ፣ «ቴምርም እኮ ፖታሲየም ሞልቶበታል፤ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል» አለችኝ። እኔ ጀርባውን በሙጫ ለጥፌዋለሁ። ቴምሩ ልብ እንደሚያቆም በአፏ የነገረችኝም ያን ቀን ነው። እስከዛሬ ማን ነገረን?

ለአባባ ስነግራቸው፣ «ሸውቂ ከነቢዩ ከተማ የላከልኝን አንቺ ከማቀዝቀዣ በር አንብበሽ ልትከለክዪኝ?» አሉኝ። ዶክተሯንም «ገና ልጅ ናት» አሏት።

ትናንት አዲሱ ካርቶንህ ደረሰ። ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ደብቄዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አባቴን እዋሻለሁ። ተናድጃለሁ ሸውቂ፤ በሐኪሞቹም፣ በራሴም፣ በአንተም። በስልክ «የፈለጉትን ይብሉ፣ ደስ ይበላቸው» ማለትህን ተው። ካንተ በቀር የሚሰሙት ሰው የለም። ቅዳሜ እጥበት ሳይገቡ ደውልና ቴምሩን ይተዉ ብለህ አንተው ንገራቸው።

ኢብቲሳምን ሳምልኝ፤ ማጂድንም ጉንጩን። ባለቤቴ ፈትሒ ሰላም ብሎሃል። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ ቴምሩ ዘገየ በዪው ብለውኛል።

እህትህ ሐሚዳ
ደከርነስ፣ ረጀብ 9 ቀን 1440 ሂጅሪ