ቮልሷን የገጣጠምኳት እኔ ነኝ

ይሁኔ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት፤ መልስ የሚያመጣልኝ የለም። ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ እዚያው ቢቸና፣ እዚያው ቤት፣ እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰው ቀሚስ እጠልፋለሁ። ሰው «እግዜር ያጽናሽ» ሲለኝ «አሜን» እላለሁ። ሐዘኑ ብቻውን ቢሆን እስካሁን በጸናሁ ነበር። ከሐዘኑ ጋር ግን ንዴት አለብኝ፤ ንዴቱ ደግሞ በአንተ ነው።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የጓሮው አጥር በክረምቱ ወድቆ እንደገና አሳጠርኩት። ኮትህን ለወንድምህ ሰጠሁት፤ ሰፍቶታል፣ ቢሆንም አያወልቀውም። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ ባጃጅ ተኮልኩሏል። ብትኖር ኖሮ ሦስት እግር ያለው ነገር መኪና አይባልም እያልክ ከሹፌሮቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውል ነበር። ቮልሷ ብፌው ላይ ናት። አቧራዋን በዶሮ ላባ እጠርግላታለሁ።

ካርቶኗን ይዘህ የገባህበት ቀን ትናንት ይመስለኛል። የቢቸናና የሞጣን አውቶቡስ መንዳት ትተህ ትኬት ቢሮ ከተቀመጥክ ሦስት ወር አልሞላህም። ለሰው «መንገድ ሰለቸኝ» ብለህ ነበር። እውነቱን የምናውቀው እኔና አለቃህ ብቻ ነበርን፤ ቀኝ እጅህ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሰው ፊት ስትሆን እጅህን ኪስህ ውስጥ መክተት ለመድክ። መንገድ ሊያጠና የመጣው ፈረንጅ መሐንዲስ ቀድሞ በአውቶቡስህ ሲመላለስ ስለ ቮልስ ስታወራለት ከርመሃል። ወደ አገሩ ሲመለስ ትኬት ቢሮ ድረስ መጥቶ ካርቶኗን ሰጠህ። በልጅነትህ ሞጣ ላይ ያየሃትን የአንድ ሐኪም ቮልስ እስከ መጨረሻው አልረሳሃትም። የራስህ መኪና ግን ኖሮህ አያውቅም፤ ዕድሜህን ሙሉ የሰው አውቶቡስ ነዳህ።

ስንከፍታት ውስጧ መኪና አልነበረም። ቁጥር የተጻፈባቸው፣ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተያያዙ ከመቶ የሚበልጡ ቁርጥራጮች ናቸው፤ አንዳንዱ ምስር ያህላል። እነሱን እየቆረጡ፣ እያለሰለሱ፣ እያጣበቁ የልጅ ጫማ የምታህል ቮልስ ማውጣት ነው። የመጀመሪያውን እሑድ አንተ ሞከርክ። ሁለት ጣትህን በሱፐር ግሉ አጣብቀህ በሞቀ ውኃ ሳላቅቅህ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ትንሿን ስፖኪዮ ስትሰብራት ግን አልሳቅንም። እጅህን አየኸው፣ እኔንም አየኸኝ፣ ቁርጥራጮቹ ያሉበትን ትሪ ወደኔ ገፋህ። እኔም ተቀበልኩህ።

ከጽጌ ጾም እስከ ሁዳዴ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥን። እሑድ ጥልፍ የማልነካ ሴት ሙጫ ብነካ ኃጢአት አይሆንብኝም ወይ ብልህ፣ ይሄ ጨዋታ ነው እንጂ ሥራ አይደለም አልከኝ። በጥፍር መቁረጫ ቆረጥኩ። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ እያነሳሁ አጣበቅኩ። ቀይ የጥፍር ቀለም አምስት ብልቃጥ ስገዛ ባለሱቁ በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት ብሎ ሳቀብኝ፤ ለመኪና ነው ስለው ደግሞ የባሰ ሳቀ። አንተ መነጽርህን አድርገህ ከወረቀቱ ላይ ሥዕሉን ታያለህ፣ «አሥራ ሁለትን ከአሥራ ሦስት… ቀስ» ትለኛለህ። ያ «ቀስ» የምትለው ድምፅህ ይናፍቀኛል። ብናደድብህም ይህን አልደብቅህም፤ በትዳራችን እንደነዚያ እሑዶች ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

የፊት መስታወቷን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ሱፐር ግሉውን አብዝቼ ኖሮ፣ በሳምንቱ ስናያት ሰው የተነፈሰባት ይመስል ነጭ ሆናለች። ብጠርጋት አልለቅ አለች። አለቀስኩ። «ተዪው፣ ክረምት ላይ የምትነዳ ቮልስ ናት» ብለህ አባበልከኝ። ያን ቀን እንዴት እንደወደድኩህ!

በዚያው ፋሲካ የመናኸሪያ ባልደረቦችህ መጡ። እኔ ወጥ ላወጣ ጓዳ ነበርኩ። ቮልሷን ከብፌው አንስተህ «አምስት ወር ሙሉ፣ በዚህ እጄ!» ስትል ሰማሁ። ሳቅኩ። ቀልዶ ሲያበቃ እውነቱን ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልነገርካቸውም። ይልቁንም አንዱ ስለ መስታወቷ ሲጠይቅህ «እሷን እንኳ ፈንቴ ናት፣ ልሞክር ብላ ያበላሸችብኝ» አልክ። ያ ሁሉ ቁርጥራጭ በእጄ አልፎ፣ በስሜ የተነገረው የተበላሸው መስታወት ብቻ ሆነ። ሳህኑን ይዤ ስገባ አየኸኝ። ዓይንህን እንኳ አልሰበርክም።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ ሰማሁ። እያደር ታሪኩ አማረበት፤ ወረንጦው ያንተ ሐሳብ ሆነ፣ የጥፍር ቀለሙም እንደዚሁ። አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን ለምን እንደዚህ ትላለህ ብዬ ጠየቅኩህ። «ያንቺና የኔ ምን ልዩነት አለው» ብለህ ሬዲዮኑን ከፈትክ። ልዩነት ከሌለው አንድ ቀን እንኳ «የፈንቴ እጅ ነው» ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር? ፈርቼህ ዝም ያልኩ እንዳይመስልህ። እኔ ሠራኋት ካልኩ አንተ ለምን አልሠራሃትም ይባላል፣ የእጅህም ነገር ይወጣል። መሪ የጨበጠ ሰው መሆንህ ብቻ ነበር ኩራትህ። እሱን ላቆይልህ ብዬ ነው የቻልኩት። አንተም ይህን ታውቅ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ግን አላመሰገንከኝም።

ሬሳህ ወደ አገርህ ሞጣ ሲሄድ ታላቅ እህትህ እትዬ ጥሩወርቅ ፎቶህንና ኮትህን ለለቅሶው ሲይዙ ቮልሷንም ከብፌው ላይ አንስተው ኖሯል። አልቃሿ ግጥሟን ከመጀመሯ በፊት ወደኔ ጠጋ ብላ «ሙያው ምን ነበር? ምን ልበልለት?» አለችኝ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ቀደሙኝ፤ «በእጁ መኪና የሠራ ብለሽ አልቅሺለት» አሏት። እሷም ያን እጅ አነሳች ጣለች። ብልሁ እጅ አለችው፣ የማይስተው እጅ አለችው፣ አፈር እንዴት ጨክኖ ይበላዋል አለች። ሰው ቮልሷን እያየ ደረቱን ደቃ። ከሁሉም አብልጬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። «እንዴት ብትወደው ነው!» ተባለልኝ። እወድህ ነበር፤ ያን ሰዓት ግን የማለቅሰው ለራሴ እጅ ነበር። ለቅሶው ሲያበቃ ቮልሷን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቢቸና መለስኳት።

ለሙት ዓመትህ ቤተሰቡ ሐውልት አሠራ። ከፎቶህ ሥር የመስታወት ሳጥን ይሠራል፣ ቮልሷ እዚያ ትገባለች፣ ድንጋዩም ላይ «በእጁ የሠራት መኪና» ተብሎ ይቀረጻል ተባለ። ወሬ ሲሆን ችዬው ነበር፤ ድንጋይ ላይ ሲሆን አልቻልኩም። ሞጣ ሄጄ፣ እትዬ ጥሩወርቅ እግር ሥር ቁጭ ብዬ፣ የሠራኋት እኔ ነኝ አልኳቸው። በሐዘኔታ አዩኝ። «አይ ፈንቴ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ። በሟች ሙያ ይቀናል? እስቲ ጠበል ተጠመቂ» አሉኝ። ቀጥለውም እውነት ከሆነ ያን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽ ብለው ጠየቁኝ። መልሱ የአንተ እጅ ነበር። ከሞትክ በኋላ እንኳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ማለት አቃተኝ። ዝም ስል ውሸቷን ነው ብለው ደመደሙ።

ጽሑፉ ተቀረጸ። ቮልሷን ግን አልሰጠሁም። ሳጥኑ ባዶውን ቆሟል፤ ለቀብር የመጣ ሰው መኪናዋስ የታለች ብሎ ሲጠይቅ ሚስቱ ሰስታ ነው ይሉታል። ይበሉ።

ባለፈው ሳምንት በቅርቡ ተመድባ የመጣች ነርስ ቀሚስ ልታስጠልፍ ገባች። ቮልሷን አየችና ማን እንደሠራት ጠየቀችኝ። «እኔ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ። ልጅቷ «ጎበዝ ነሽ እማማ» ብላ፣ የአንገቱ ጥልፍ እስከ ዓርብ ይደርስላት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይደርሳል አልኳት። ስትወጣ በሩን ዘግቼ ተንሰቀሰቅሁ። ስንት ዓመት አምቄ የያዝኩት ቃል ወጥቶ አለቀ፣ ምንም አልቀለለኝም። እሷ ምን ታውቃለች? ብታምነኝስ፣ ባታምነኝስ? አላየችኝም። እህትህ አላዩኝም፣ ልጅም አልነበረን። ትንፋሼን ይዤ ሳጣብቃት ያየኝ አንድ ሰው አንተ ነህ። ምስክርነትህን ሳትሰጠኝ ይዘህብኝ ሄድክ። ይቅር ያላልኩህ ለዚህ ነው።

አትስጋ፣ አልረሳህም። ዝክርህን በየዓመቱ አወጣለሁ፣ መቃብርህንም እየሄድኩ አያለሁ። ሰው ከፍቅር ብዛት ነው ይላል፤ ይበል። እኔ ግን አንተን የረሳሁ ቀን፣ ያቺን ቮልስ ስሠራ ያየኝ ሰው አይኖርም።

ባለቤትህ ፈንታነሽ
ቢቸና