ከሁለት አይለፍ

ጥቅምት 4
ልብስ አጠብኩ። የኦክስጅኑ ሲሊንደር ተቀየረ፤ ሁለት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ነርሷ መክፈቻውን ሁለት ቁጥር ላይ አደረገችና ወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፦ «ከሁለት አይለፍ።» አነበብኩላት። «ጎበዝ እናቴ!» አለች። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ልቆጥር ደብተር ስይዝ ባሌ «ካረጁ አይባጁ» ብሎ ጎረቤት አስቆብኛል። አሁን አፍንጫው ላይ ያለውን ቱቦ የምትጠብቀው ያችው አሮጊት ናት።

ጥቅምት 7
ደክሞኛል።

ጥቅምት 9
እህቱ መጣች። ገና ከበሩ፣ «ወንድሜን ምን አደረግሽው? ከንፈሩ ጠቁሯል!»
የታዘዘው ሁለት ነው አልኳት።
«መክፈቻው እስከ አስር ይሄድ የለም እንዴ? አየር እኮ ነው! አየርም ይሰሰታል?»
እሱም ትራሱን እንደተደገፈ፣ «ድሮም ቋጣሪ ናት» አለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ከእጄ በልቶ!

ጥቅምት 12
ጠዋት ገበያ ወጣሁ፤ እህቱ እሱ ጋ ቀረች። ስመለስ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ሽሽ... ተኝቷል። ጨመር አደረግኩለት፣ ይኸው አረፈ። ፊቱን እዪው!»
እውነትም ቀልቷል። ስንት ወር ሲያቃስት የከረመ ሰው፣ ዝም። ደስ ሊለኝ ነበር... ግን ደረቱ። አንዴ ከፍ አለ። ጠበቅኩ። ጠበቅኩ... መክፈቻው ስድስት ላይ ነው። ወደ ሁለት መለስኩና ትከሻውን ይዤ ነቀነቅኩት። «ተንፍስ! አንተ ሰው፣ ተንፍስ!» እህቱ «ገደለችው!» ብላ ጮኸች። ማን ማንን?
ነርሷ ጋ ደወልኩ። ሆስፒታል ወሰዱት።

ጥቅምት 13
ተርፏል። ነርሷ አንገቴን በጣቷ ነካ አድርጋ አስረዳችን። እዚህ ጋ፣ ደም ሥሩ አጠገብ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። ደም ውስጥ አየር ሲያንስ ታውቃለች፤ «ተንፍስ» ብላ ትቀሰቅሳለች። ጤነኛ ሰው ሌላም ቀስቃሽ አለው። «የእሳቸው ግን ከሕመሙ ብዛት ደንዝዟል፤ የሚተነፍሱት በእሷ ብቻ ነው። አየሩን ስታትረፈርፉባት ጠገብኩ ብላ ዝም ትላለች።»
እህቱ ወለሉን ታያለች። እኔስ? ወረቀቱን አነበብኩ እንጂ ለምን ብዬ መች ጠየቅኩ? ብጠይቅ ኖሮ ለእሷም እነግራት ነበር...

ጥቅምት 21
ቤት ገባ። እህቱ ትመጣለች፤ መክፈቻው አጠገብ ግን አትደርስም። ዛሬ ሾርባ ስሰጠው «ጨምሪልኝ» አለ። ቱቦውን እያሳየ።
«አይሆንም።»
«ትንሽ...»
«አይሆንም አልኩህ።»
«ጨካኝ! አንቺን ያገባሁ ቀን...» ብሎ ጀመረ። ሳል አቋረጠው። ትንፋሹን ሰበሰበና ካቆመበት ቀጠለ። ድሮ ቢሆን ሳምንት አኮርፍ ነበር፤ አሁን ግን ደረቱን ነው የማየው፣ ከፍ ዝቅ ይላል። እህቱ ልትቆጣው አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኳት።
«ተይው፣ ይስደብ» አልኳት።
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እስኪጨርስ ሰማሁት።