የታጠበው ጠጠር

ለውድ ልጄ ነጂማ፣

አላህ በወጣሽ በገባሽበት ይጠብቅሽ፤ የሶፊያ ከተማን ብርድም ያቅልልልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጎረቤታችን የሙሳ ፍየል ግን ከሁላችን ይልቅ ደህና ናት፤ ምክንያቱን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

ጎርፍ አፈሩን ለላጠው፣ ድሬ ጠያራ ላለው ለአክስትሽ ለሐዋ ማሳ የላክሽው ጠጠር ደረሰ። ነጭ አቧራ ስላየሁበት እንደ ምስር ለቅሜ፣ ውሃው እስኪጠራ አጥቤ ሰጠኋት። አቧራው ድንጋዩ ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቀው የሰብል ቀለብ መሆኑን ያወቅሁት ደብዳቤሽ ዘግይቶ ሲደርሰኝ ነው። እጣቢውን ኤረር በር አጠገብ ደፍቼው ነበር፤ እዚያ የበቀለውን ሣር ፍየሏ ትግጠዋለች። የሐዋ ማሽላ ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ትናንት ጊደር መጋላ ገበያ ሐዋ አገኘችኝና፣ "ያቺ ልጅ ባሕር ተሻግራ የተማረችው ድንጋይ መላክ ነው እንዴ?" ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጄ፣ የማጠቤስ ነገር ይቅር፤ ያሳፈረኝ ያ ሳቅ ነው።

ጁምዓ ድሬ ጠያራ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ። ስድቧን ታውቂዋለሽ፤ ይገባኛል። ሌላ ጠጠር ብትልኪ ግን፣ አደራ፣ በቀጥታ በእሷ ስም ይሁን።

እኔ አብሬ የሳቅሁበትን ስምሽን አላህ ከፍ ያድርገው።

አጎትሽ ጀማል