ከመስኮቴ ያወረድኩት መጋረጃ

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ ይድረስ። ዓይንሽ እንዴት ነው? መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አሁንም ያስቸግርሻል? የእማዬ ጉልበትስ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ሰውነቴ ማለቴ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው።

ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎቼ ጠልፈሽ የሰጠሽኝን ነጭ መጋረጃ ጠዋት ጠዋት እያየሁ አስታውስሻለሁ ብዬሽ ነበር። ዋሸሁሽ። መጋረጃው ከመስኮቴ ከወረደ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ አሁን ፀሐይ የሚከልልልኝ ካርቶን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ፎቶ ቤት የአንድ ብርጭቆ ፋብሪካን የውሃ ጆጎች ፎቶ ለማንሳት ሥራ ያዘ። ብርጭቆ ደግሞ እንደ ወሬኛ ጎረቤት ነው፣ ያየውን አይደብቅም፤ መብራት ፊት ለፊት ካበሩበት አምፖሉንም፣ ካሜራውንም፣ የእኔን አፍንጫም ይዞ ይወጣል። አለቃዬ የመጀመሪያውን ፎቶ አይቶ ሰው የሚገዛው ጆጉን ነው ወይስ አፍንጫህን ብሎ ሳቀብኝ። ብርሃኑ በነጭ ጨርቅ ተጣርቶ መምጣት አለበት። የፎቶ ቤቱ ጨርቅ በአምፖል ተቃጥሎ ስለነበር፣ እኔ ልታይ ልታይ ባዩ፣ ጨርቅ አለኝ ብዬ መጋረጃሽን አመጣሁ። በእንጨት ፍሬም ወጥሬ መብራቱን ከኋላው ሳበራው ብርሃኑ እንደ ወተት ለሰለሰ። አለቃዬ አመሰገነኝ፤ እኔም ተኮፈስኩ።

ፎቶዎቹ ሲታዩ ግን ከፋብሪካው ሥራውን ልታይ የመጣችው ሴትዮ በየጆጉ ሆድ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች አየች። ጠርዙ ላይ የጠለፍሻቸው አበቦች ነበሩ። ምንድን ነው ስትለኝ፣ እህቴ የጠለፈችው ነው ማለት አፍሬ፣ ቆሻሻ ነው፣ አጠፋዋለሁ አልኳት። እትዬ፣ ምላሴን ይቁረጠው!

ኮምፒውተር ላይ ላጠፋው ሳጎላው ከአበቦቹ መጨረሻ አንዲት ጫጩት አየሁ። ልጅ ሆኜ እግር እግርሽን ስል ያወጣሽልኝ ስም ነው። ስምንት ወር መስኮቴ ላይ ተሰቅላ አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ አላየኋትም። በዚያ በደከመ ዓይንሽ ስንት ቀን ፈጅቶብሽ ይሆን? አይቻትም አልተመለስኩም፤ ከሠላሳ አንዱም ፎቶ ላይ አጠፋኋት። ለቀሪው ሥራ እንዳታስቸግር ብዬ ጠርዙን በመቀስ ቆረጥኩት።

ጠርዙን አልጣልኩትም። መልሼ ልሰፋው ብሞክር ጣቴን ወጋሁ፣ ስፌቱም ተንጋደደ። ሌላ ጠልፌ ልላክልህ እንዳትይ፤ አይገባኝም። ተቆጪኝ፣ ብቻ ዝም አትበዪኝ። አብሮ የመጣው ፎቶ ሠላሳ ሁለተኛው ነው፣ ተበላሽቷል ተብሎ የተጣለው። የጆጉን ሆድ አስተውዪ፤ ጫጩቷ አለች። ከጎኗ ያለው ጥቁር ነገር አፍንጫዬ ነው።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ደብዳቤውን ስታነቢላት ቆሻሻ ያልኩበትን ቦታ እንዳትዘዪው። ለባልሽ ለጋሼ ሰላምታዬ ይድረስልኝ፤ በእህትህ ሥራ ትኮራለህ ያለኝን አልረሳሁትም። ትልቋ ልጅሽ ዓይንሽ እምቢ ሲል ፎቶውን ታሳይሽ። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደግሞ የተቆረጠ ጠርዝ እንዴት እንደሚገጠም በአንቺ በኩል ይጻፍልኝ።

ወንድምሽ ነኝ፤ ጫጩት ብዬ ለመፈረም አፈርኩ።

ካርቶን ከተለጠፈበት መስኮት ሥር፣
እሑድ፣ የካቲት ፱ ቀን