ከሱፉሪያ ክዳን የተቆረጠው ቀለበት

ሐሙስ፣ ጥር 4 ቀን 2009

ሸራውን ከሞተሩ ላይ አነሳችው። ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ ዞር ስል ሰናይት የአባቷን ሞተር ብስክሌት ከግድግዳው አላቃ ግቢው መሐል አቁማዋለች። አቧራው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ልጄ ሥራ አገኘች። የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዛ ወደ ቦሪ እና ከዚያ ወዲያ ወዳሉት መንደሮች ልትሄድ ነው። ሰኞ ትጀምራለች። ቀጣሪዎቿ አጥብቀው የጠየቋት አንድ ነገር ነው፤ የራስሽ ሞተር አለሽ? አለኝ ብላለች።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ጎረቤታችን ጋልማ አልፎ አልፎ እያስነሳ ያሞቀዋል እንጂ መንገድ አልወጣም። ዛሬም ብዙ ሳያለፋ ተነሳ። ሰናይት ትንሽ ሰማችውና አጠፋችው። «እማዬ፣ መጀመሪያ ያንቺን ቀለበት እናውጣ» አለች። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ስለዚያ ቀለበት በሰፈራችን በማንያታ የማያውቅ የለም። ባለቤቴ ራሱ ነበር የሚያወራው። ቦዳቦዳ፣ በሞተር ሰው ማመላለስ፣ ይሠራ በነበረ ጊዜ አንድ ጓደኛው ኢትዮጵያ ተሻግሮ ሲመለስ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ሞተ። እዚያ በቀኝ ይነዳል፣ እዚህ በግራ። ድንበሩን አልፎ ለአንድ አፍታ ረሳው። ከቀብር መልስ ባለቤቴን ለመንኩት፤ ይሄን ሞተር አዘግይልኝ አልኩት። ከአሮጌ የሱፉሪያ ድስት ክዳን ክብ አድርጎ ቆረጠ፣ መሐሉን በጠባቡ በሳው፣ ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ አስገባው። በጠባብ ቀዳዳ ሲተነፍስ ጉልበቱ ይቀንሳል አለኝ። ጓደኞቹ «ሚስትህ የሞተርህን አፍንጫ ያዘችው» ሲሉት አብሯቸው ይስቅ ነበር።

እጄ ከበደኝ። የቀረውን ነገ።

ዓርብ፣ ጥር 5

የሞተሩን መመሪያ ከሣጥን አወጣሁ። እኔ ፊደል የለየሁት ብቻዬን ነው፣ ካገባሁ በኋላ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ። የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ከማታቱ፣ ከታክሲው፣ ጀርባ። ስለዚህ ሳነብ ቀስ እላለሁ። ሥዕል ግን ቋንቋ አይጠይቅም።

ሞተሩን ሰንጥቀው ሆድ ዕቃውን ሥለውታል። አየርና ቤንዚን ይገባሉ። ይታመቃሉ። እሳት ይነካቸዋል። ጭሱ ይወጣል። ከዚያ እንደገና። እኔ አንዴ ተንፍሼ እስክጨርስ ይሄ ሁሉ ስንት ጊዜ እንደሚሆን ሳስብ መጽሐፉን ዘጋሁት። መልሼ ገለጥኩት። ባለቤቴ ይህን ያህል እሳት በጉልበቶቹ መሐል ይዞ ሲዞር ውሎ ማታ ቤት ሲገባ ስለ ቲማቲም ነበር የሚያወራኝ።

የከበደኝን ልጻፈው። ሆዱን የታመመ ቀን ጋልማ ነዳ፣ እሱን መሐል አደረግነው፣ እኔ ከኋላ አቀፍኩት። ወደ ሶሎሎ ሆስፒታል። ያኔ አስፋልቱ አልነበረም፤ ዝናብም ጥሎ ነበር። ዳገቱ ላይ ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ። ወርጄ ገፋሁ። እንደገና ቆመ፣ እንደገና ገፋሁ። ሶሎሎ ሳንደርስ ባለቤቴ አረፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ቀለበቱ ባይኖር እንደርስ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ካልወጣ ልጄ ዳገት ላይ ትቀራለች። ከወጣ ትፈጥናለች። ሁለቱንም እፈራለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 6

ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ጀመርን። የጋልማ ሚስት ማማ ጃሚላ ጄሪካን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«ማማ ሰናይት፣ ዛሬ ሞተር ታዋልጃለሽ አሉኝ። ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ።

«ገና ጭንቅላቱ አልታየም» አለች ሰናይት ከሥር ሆና።

ቤንዚኑን ዘጋን። በቁጥር አሥር ቁልፍ አንዱ ብሎን ወዲያው ወጣ። ሁለተኛው ዝጎ አስቸገረ፤ ላምባ አጠጥተን ምሳ በላን፣ ከዚያ በኋላ እሺ አለ። የወጣውን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ነጭ ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ፤ ሥራዬ ይሄ ነው። ካርቡራተሩ ሲነሳ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቀለበቱ አለ። ጠቁሯል። ሰናይት በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቃ መዳፌ ላይ አኖረችው።

ቀዳዳው ሰፊ ነው።

ጠባብ ነበር። ሲበሳው አይቻለሁ፤ ትንሿ ጣቴ አትገባበትም ነበር። አሁን አውራ ጣቴ ገብቶ ይዞርበታል። ሰናይት ወስዳ የሞተሩ አፍ ላይ ገጠመችው፤ የቀለበቱ ቀዳዳና የአፉ ስፋት እኩል ሆኑ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንም አይከለክልም» አለች። «አባዬ ሞርዶታል።»

በቤንዚን አጠብኩት። የሞረዱ ጥርስ ዙሪያውን አለ፤ ስስ ስስ መስመር። ቸኩሎ አልነበረም የሠራው።

ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት እጠይቀው ነበር። ቀለበቱ አለ? አለ፣ ይለኛል። አልዋሸኝም። ነበረ።

ግን ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ይሄን ገበያው ሁሉ ያውቃል። የቸኮለ ሰው ሌላ ይጠራል፤ እሱን «ፖሌፖሌ»፣ ቀስ በቀስ፣ ነበር የሚሉት። ቀለበቱ ነው የሚያዘገየው እል ነበር። እጁ ነበር። ሙሉ ጉልበት በእጁ ይዞ፣ በየቀኑ፣ እኔን ብሎ።

ማማ ጃሚላ ቀለበቱን ለመነችኝና በብርሃን አየችው። «ባልሽ ተንኮለኛ ነበር» አለች በቀስታ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ጋልማም ይሄንኑ ይል ነበር። ወደ ሶሎሎ በሄድን ቀን ሞተሩ አልደከመም፤ ጎማው ነው ጭቃው ውስጥ የሚዞርብን የነበረው ይላል።»

ስንት ዓመት ጎረቤቴ ናት። ጠይቄያት አላውቅም።

እሑድ፣ ጥር 7

ከጸሎት መልስ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብለን ያለ ቀለበቱ ገጠምነው። ሰናይት አስነሳችው። ጋዝ ሳትሰጠው ራሱ ጮኸ፤ እየጨመረ፣ እየጨመረ፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ቁልፉን ነጠቀች።

«አበላሸነው እማዬ። ነገ ምን ብዬ ነው የምሄደው?»

የዓርቡ ሥዕል ግን አልለቀቀኝም፤ ይሄ ነገር የሚኖረው በመተንፈስ ነው። ለአንድ አፍታ ብቻ አስነሽው አልኳት። ከጆንያ ክር መዘዝኩና ወደ መገጣጠሚያው አስጠጋሁ። ክሩ ከእጄ ዘንበል ብሎ ወደ ስንጥቁ ተሳበ። አየር ይስባል። ቀለበቱ ለካ ቦታም ይዞ ነበር፤ ሲወጣ ክፍተት ቀረ።

ሰናይት አየችኝ። ከዚያ ክሩን አየችው።

«ያንኑ እንመልሰው እንዴ?»

«አይሆንም» አልኩ። ለሌላ ነገር አስቤዋለሁ።

የወተት ካርቶን በቀለበቱ ልክ ቆርጠን፣ ቀዳዳውን አስፍተን፣ ግራሶ ቀብተን አስገባን። ብሎኖቹን አጠበቅን። ተነሳ። ዝም ብሎ፣ እኩል፣ እንደተኛ ሰው ይተነፍሳል። ጋዙን ትንሽ ስትነካው መሬቱ በጫማዬ ሥር ተሰማኝ። እጄን ኮርቻው ላይ አድርጌ ቆየሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ይሄን ያህል ነበር። እሱም ያውቅ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 8

ሄደች።

የበረዶ ሣጥኑን ከኋላ አሰርን። ቀለበቱን በወፍራም ክር ቁልፉ ላይ ቋጠርኩላት። አየችው፣ የራስ ቁሯን አጠለቀች። በግራ ንጂ ልላት ነበር፤ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ። ዋጥኩት።

በሩ ላይ ስትደርስ ግን አፌ ሳላስበው፣ «ቀለበቱ አለ?» አለ።

«አለ፣ እማዬ።»

ልክ እንደሱ። ፊቷን አላየሁም።

ሸራውን አጥፌ አስቀመጥኩና አጥሩ ጋ ቆምኩ። አቧራው አስፋልቱ ጋ ሲያልቅ ድምፁ ተለወጠ። ከፍ አለ፣ ጠነከረ፣ እስከ ደረቴ መጣ። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እሱ አላሰማኝም ነበር። ፈራሁ፤ ግን ደግሞ እንዲቆም አልፈለግኩም።

ከመስጊዱ ወዲያ መታጠፊያ አለ። እየሰማሁ ጠበቅኩ።

እዚያ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። ራሷ፣ በእጇ፣ ቀነሰችው። ከታጠፈች በኋላ እንደገና ሰማሁት፤ እየራቀ ሄደ።