ሰው አለው

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ ይብዛልኝ። እኔን ካልሽ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ያቀረቡልኝን እበላለሁ፤ ጣዕሙን ግን አትጠይቂኝ። ጎረቤት ላስጽፍ ነበር። ዐይኔ እያየ በሰው እጅ አልናገርም ብዬ ተውኩት። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ለትምህርትሽ የጠየቅሽኝን አንብቤዋለሁ። የሰው ንቅናቄ ከብሶት ይነሣል የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ድርጅት ካልቀደመ ብሶት ብቻውን የትም አይደርስም የሚሉ አሉ፤ ሰውን የሚያስተሳስረው ቃል ነው የሚሉም አሉ ብለሻል። የፋብሪካችን አድማ ከየትኛው ነው፣ «ሰው አለው» የሚለውንስ መፈክር ማን አወጣው ነው ጥያቄሽ። እኔ ነኝ ያልኩት። መፈክር ግን አላወጣሁም።

እናትሽ ታማ ፈቃድ ስትጠይቅ አለቃዋ «ማሽኑን ማን ሊይዝልሽ ነው?» ብሎ እንደመለሳት ታውቂያለሽ። ቀብረናት አንቺን ከሸኘሁ በኋላ ሥራ ገባሁ። ምሳ ሰዓት በሩ አጠገብ፣ ከእናትሽ ጋር ከምንበላበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዴ ዘበኛውን ስለ እሷ «አለፈች እንዴ?» አልኩት።  ኮፍያዬን አጠገቤ አኖርኩ። ብረት በያጁ ወዳጄ መጣና «ግንዱ፣ ልቀመጥ?» አለኝ፤ ግንዱ የሚሉት እኔን ነው። «ሰው አለው» አልኩት። ኮፍያውን አየ፣ እኔን አየ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ደወሉ ተደወለ። እኔ አልተነሣሁም፤ ገና አልመጣችም ነበር። እሱም አልተነሣም። ፈታዮቹ ሴቶች ምን ሆናችሁ ቢሉት «ሰው አለው ይላል» አላቸው። የሟች ወገን አለ ማለቴ መሰላቸው። በማግስቱ ግቢው ሞላ፣ ቃሉም ግድግዳ ላይ ተጻፈ። የታመመ ከነደመወዙ ይረፍ አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ከዘበኛው ሰምቶ አስጠራኝ። «አባባ፣ ቦታ ይዘው ነው አሉ። ይህንኑ ለሰዉ ይንገሩልኝና ቀላል ሥራ ልስጥዎት» አለኝ። ብናገር አንዱ እየሳቀ፣ አንዱ እያፈረ ይበተን ነበር። «ሰው አለው አልኩ፤ ውሸት ነው?» ብዬው ወጣሁ።

ትናንት አለቆቹ ጥያቄውን ተቀብለው ፈረሙ። እልል ተባለ። በያጁ ሊሸከመኝ ሲል «ግንድ የሚሸከም ወገቡን ያስብ» አልኩትና ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ለእኔ ደስታው እንደ ሰው ቤት ወሬ ነው።

እንግዲህ የፈለግሽውን ጻፊ። አንቺ ንቅናቄ ትይዋለሽ እንጂ እኔስ ንቅንቅ አላልኩም።

ትምህርት ሲዘጋ ነይ። የቤቱ ቁልፍ በያጁ ጋ ነው፤ አንቺን ከሸኘሁ ወዲህ የማድረው እሱ ዘንድ ነው። በሩን አንቺ ክፈቺው።

የተማርሽው ለሰው ይድረስ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው።

አባትሽ